ምዕራፍ አምስት፦ ድንጋዩ በየት አድርጎ መጣ?

ጁን 28 ቀን 1911 ጠዋት፣ በግብፅ ከእስክንድርያ ብዙም በማይርቀው በናኽላ አካባቢ ሰማዩ አጓራ። ነጎድጓድ የሚመስለው ድምፅ ሲያባራ 40 ገደማ ድንጋዮች በየቦታው ተበትነው ተገኙ። ውጫቸው ቀለም የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው፤ ሲሰበሩ ግን ውስጣቸው ወደ አረንጓዴ ያደላ ግራጫ ነበር። ተሰብስበው ሲመዘኑ 10 ኪሎ ግራም ያህል ሆኑ። ከዚያ ቀደም በፈረንሳይ ሻሲኚ በተባለ መንደር (1815) እና በሕንድ ሸርጎቲ (1865) እንዲሁ ድንጋይ ወርዶ ነበር። በ1962 ደግሞ በናይጄሪያ ዛጋሚ፣ ከአንድ ገበሬ ጥቂት ሜትሮች ርቆ 18 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ማሳው ውስጥ ተቀበረ። የመጨረሻው በ2011 በሞሮኮ ቲሲንት የወረደው ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲወድቁ በሰው ዓይን ታይተው ከማርስ መምጣታቸው የታወቀላቸው እነዚህ አምስቱ ናቸው። በየበረሃውና በየበረዶው ተለቅመው ከተመዘገቡት ከ70,000 በላይ የሰማይ ድንጋዮች መካከል ደግሞ የማርስ ናቸው የተባሉት 400 ገደማ ብቻ ናቸው።

ከእነዚህ ከአምስቱ የአንዱም መንገድ በካሜራ ተይዞ አልተሰላም። ስለዚህ የማርስ ድንጋይ ያለፈበትን መንገድ የምናውቀው እንደ ዱካ አዳኝ ነው፤ ያልታየውን ጉዞ ከቀረው ምልክት እናነባለን። ምልክቱ ተነቦ የሚሰጠው መልስ ብዙ ሰው በልቡ ከሚስለው ሥዕል የተለየ ነው። ማርስ ላይ ፍንዳታ ሆነ፣ ድንጋይ ተፈናጠረ፣ ተወርውሮ ምድር ላይ ወደቀ ብለን እናስባለን። እኔ በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው የማርስ ድንጋይ ወደ ምድር የተወረወረ አይደለም ብዬ ነው። ከማርስ ደጃፍ ለጥቂት ወጣ፤ የቀረውን መንገድ ያስኬደው የፕላኔቶች ስበትና ረጅም ጊዜ ነው። ይህን ከተረዳን ስለነዚህ ድንጋዮች እንግዳ የሚመስሉት ብዙ ነገሮች፣ ዕድሜያቸውም፣ ቁጥራቸውም፣ ከየትኛው የማርስ ክፍል እንደተነሡም፣ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

መንገዱን ከመከተላችን በፊት መነሻው ማርስ ለመሆኑ ማስረጃው ምን እንደሆነ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የተነሣው ከዕድሜ ነው። አብዛኞቹ የሰማይ ድንጋዮች ከአስትሮይዶች የተሰበሩ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከራሱ ከሥርዓተ ፀሐይ ጋር እኩል፣ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የናኽላ ድንጋይ ግን ከቀለጠ ዓለት የረጋው የዛሬ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የሸርጎቲ ዓይነቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያም ያነሱ፣ ከ165 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ከምድጃ የወጣ ትንሽ ቂጣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ድፎ ዳቦ ግን ልቡ ለሰዓታት ይሞቃል። አስትሮይድም እንደ ቂጣው ነው፤ ትንሽ ስለሆነ የውስጥ ሙቀቱን ገና በልጅነቱ ጨርሷል። ላቫ ሲተፋ ቢሊዮን ዓመታት የቆየ አካል ትልቅ፣ ፕላኔት የሚያክል መሆን አለበት። ታዲያ ከፕላኔቶች የትኛው? ምድር እንዳይሆን የድንጋዮቹ ኦክስጅን ይከለክላል። ኦክስጅን ክብደታቸው በጥቂቱ የሚለያይ ሦስት ዓይነት አተሞች አሉት፤ የሦስቱ ድርሻ እንደ ቤተሰብ መልክ ነው። የምድርና የጨረቃ ድንጋዮች አንድ መልክ አላቸው፤ የናኽላ፣ የሸርጎቲና የሻሲኚ ድንጋዮች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተመሳስለው ከምድር ይለያሉ። ቬነስ ስበቷ ከምድር ስበት የሚቀራረብና በወፍራም አየር የታፈነች ስለሆነች ድንጋይ ከእርሷ ማምለጥ እጅግ ይከብደዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣቶች ወደ ማርስ ማመልከት የጀመሩት በዚህ መንገድ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ በመሰረዝ ነበር።

በመሰረዝ የተገኘ መልስ ግን ልብን አያሳርፍም። ልብ ያሳረፈው በአንታርክቲካ፣ ኤሌፋንት ሞሬይን በተባለው ስፍራ የተገኘና በስያሜው ኢኢቲኤ 79001 የሚባል ወደ 8 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ነው። በውስጡ በኃይለኛ ግጭት ቀልጠው በቅጽበት የረጉ ጥቋቁር የመስታወት እንክብሎች አሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ጋዝ ታፍኖ ቀርቷል። በ1983 ዶናልድ ቦጋርድና ፕራት ጆንሰን የተባሉ የናሳ ተመራማሪዎች ይህን ጋዝ አውጥተው ለኩት። አርጎን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን፣ ሁሉም በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ከለኩት አየር ጋር ገጠመ። ልዩነቱን ለመገንዘብ አርጎንን ብቻ እንመልከት፦ በምድር አየር ውስጥ አርጎን-40 የአርጎን-36ን 300 እጥፍ ያህል ነው፤ በማርስ አየር ግን 2,000 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የታፈነው ጋዝ የማርሱን መልክ ይዟል። በ2013 ኩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ ሮቦት የማርስን አርጎን በተሻለ ሚዛን ሲለካ፣ የአርጎን-36 ለአርጎን-38 ምጣኔ 4.2 ሆነ፤ በምድር 5.3 ነው። ድንጋዮቹ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲሉ የኖሩት ዝቅተኛ ቁጥር በራሷ በማርስ አየር ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ፣ «የማርስን አየር የሚመስል አየር ያለው ሌላ የማናውቀው አካል ቢኖርስ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ነገር ግን ያ አካል ማሟላት ያለበትን እንቁጠር። ፕላኔት የሚያህል፣ ላቫ ሲያፈስ እስከ ቅርብ ዘመን የኖረ፣ የአየሩ ጋዞች በሙሉ በምጣኔያቸው እንደ ማርስ የሆኑ፣ ግን ማርስ ያልሆነ፣ ቴሌስኮፕም አይቶት የማያውቅ መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ሁሉ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ቦታ የለም። ከዚህም በላይ በ2004 ኦፖርቹኒቲ የተባለው ሮቦት በማርስ ሜሪዲያኒ ሜዳ ላይ ባውንስ ሮክ የሚል ስም የተሰጠውን ድንጋይ ሲመረምር፣ ቅንብሩ ከሸርጎቲ ወገን ድንጋዮች ጋር፣ በተለይም ከዚያው ከኢኢቲኤ 79001 አንዱ ክፍል ጋር ተቀራረበ። ምድር ላይ የምናውቀው ድንጋይ ዘመድ እዚያው በአገሩ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ መነሻው ይህን ያህል ካልን፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሊቃውንትን ያስቸገረው ጥያቄ ይከተላል፤ እንዴት ወጣ? ከማርስ ስበት ለመላቀቅ ድንጋይ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር መብረር አለበት፤ ይህ ከጠብመንጃ ጥይት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ፍጥነት ሊሰጠው የሚችለው ከሰማይ የመጣ አስትሮይድ ግጭት ብቻ ነው። ድንጋይን ለዚህ ፍጥነት የሚያበቃ ምት ግን ድንጋዩን ሊያቀልጠው ወይም ሊያተነው ይገባ ነበር፤ የናኽላ ድንጋይ ደግሞ ማዕድኖቹ እምብዛም ሳይናጉ ነው የመጣው። ተጠራጣሪዎቹ ሌላም የበረታ ክርክር ነበራቸው። ጨረቃ ከማርስ እጅግ ትቀርባለች፤ ከእርሷ ለማምለጥ በሰከንድ 2.4 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከጨረቃ የመጣ አንድም ድንጋይ ሳይገኝ ከማርስ መጣ ማለት ጎረቤት ያላደረሰውን መልእክት ባሕር ማዶ ያለ ሰው አደረሰው እንደማለት ነው። ሙግቱ በጊዜው ትክክል ነበር። በጃንዋሪ 1982 በአንታርክቲካ አላን ሂልስ 31 ግራም የምትመዝን ድንጋይ ተነሣች፤ የአፖሎ ጠፈርተኞች ካመጧቸው ድንጋዮች ጋር ስትነጻጸር የጨረቃ ሆና ተገኘች። የጎረቤቱ መልእክት ደረሰ፤ ክርክሩም ፈረሰ።

የመቅለጡን ጥያቄ ደግሞ በ1984 ጄይ ሜሎሽ የተባለው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ፈታው። ከበሮ ላይ ጤፍ በትነን ቆዳውን ከሥር ብንመታው፣ ጤፉ ወደ ላይ ይዘላል፤ ሳይደቅና ሳይፈጭ ነው የሚዘለው። የመሬት የላይኛው ቆዳም በከባድ ግጭት ጊዜ እንደዚሁ ይሆናል። አስትሮይዱ ካረፈበት ነጥብ የሚነሣው የግፊት ሞገድ ወደ ገጹ ሲደርስ ከላይ የሚጫነው ነገር ስለሌለ ተመልሶ ይንጸባረቃል፤ መጪውና ተመላሹ ሞገድ ከገጹ ሥር ባለች ስስ ንብርብር ላይ እርስ በርስ ይሻራሉ። እዚያች ንብርብር ውስጥ ያለ ዓለት ሙሉው ግፊት ሳያገኘው ፍጥነቱን ብቻ ያገኛል። ምንም አልደረሰበትም ማለት ግን አይደለም። የሸርጎቲ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ቅርጹን ሳይለቅ ወደ መስታወት ተለውጧል፤ ይህን ጉስታቭ ቸርማክ ገና በ1872 አይቶ ጽፎታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት ከምድር አየር ግፊት በመቶ ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ከማርስ ሲነሡ ሁሉም አልጋሉም። በአላን ሂልስ የተገኘውና ዕድሜው 4.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ኤኤልኤች 84001 በውስጡ ማርስ ላይ ሳለ የያዘውን መግነጢሳዊ አሻራ እንደጠበቀ ነው። አሻራው ሲጠና፣ የድንጋዩ ውስጥ ከተነሣበት ጊዜ አንስቶ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሞቆ አያውቅም። ከፕላኔት የተነቀለና የምድርን አየር ቀድዶ የወረደ ድንጋይ ልቡ የአፋርን የቀን ሙቀት ያህል እንኳን አልተሰማውም።

ይህ አወጣጥ ለመንገዱ ትልቅ ትርጉም አለው። በዚህ ዓይነት የሚወጡት ድንጋዮች አብዛኞቹ ከማምለጫው ፍጥነት እምብዛም አይበልጡም። አንድ ድንጋይ በሰከንድ 5.1 ኪሎ ሜትር ተነሣ እንበል። ከማርስ ስበት ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ በብዛት በመውጣቱ ላይ ይባክናል፤ ተላቆ ሲያበቃ የሚቀረው ከማርስ አንጻር በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። ማርስ ራሷ ግን ፀሐይን በሰከንድ 24 ኪሎ ሜትር ትዞራለች፤ ድንጋዩም ይህን የእናቱን ፍጥነት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ነፃ የወጣው ድንጋይ የሚገባበት ምህዋር የማርስን ምህዋር ይመስላል፤ ከእርሷ ትንሽ ሰፋ ወይም ጠበብ ብሎ አብሯት ፀሐይን ይዞራል። ማርስ ከፀሐይ በአማካይ 228 ሚሊዮን፣ ምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ድንጋዩ በቀጥታ ወደ ምድር ምህዋር እንዲወርድ፣ ማርስ በምትሄድበት አንጻር ወደ ኋላ በሰከንድ 2 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መቀነስ አለበት፤ ይህም ከማርስ ገጽ ሲነሣ 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠይቃል። ያንን እንኳ ቢያገኝ ምድር ምህዋሯን በሚያቋርጥበት ቅጽበት እዚያው ነጥብ ላይ መገኘት ይኖርባታል። ፍጥነት፣ አቅጣጫና ሰዓት ሦስቱም የሚገጥሙለት ድንጋይ የለም አይባልም፤ ከብዙዎቹ መካከል ግን እጅግ ጥቂቱ ነው።

የቀሩት ይንከራተታሉ። ምህዋራቸው የማርስን ምህዋር ስለሚያቋርጥ አንዳንድ ጊዜ ወደ እናታቸው ይቀርባሉ፤ በቀረቡ ቁጥር ስበቷ እንደ ወንጭፍ አዙሮ ወደ ሌላ ምህዋር ይለቃቸዋል። የማርስ ወንጭፍ ደካማ ነው፤ ክብደቷ የምድርን አንድ አሥረኛ ብቻ ነውና። አንድ ምት ብዙ አይለውጥም፤ በረጅም ዘመን ውስጥ ሲደጋገም ግን ድንጋዩን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይገፋዋል። ወደ ውጭ የተገፋው ከአስትሮይዶች ቀበቶ ጠርዝ ሲደርስ ሌላ ኃይል ይጠብቀዋል። ዥዋዥዌ የምትጫወት ልጅ በትክክለኛው ሰዓት ትንሽ ትንሽ ብትገፋ ከፍታዋ እየጨመረ ይሄዳል። በዚያ ስፍራ የድንጋዩ ሞላላ ምህዋር በዝግታ የሚዞርበት ፍጥነት የሳተርን ምህዋር ከሚዞርበት ጋር ይገጥማል፤ የሳተርን ስበትም ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት እየገፋ ምህዋሩን እያረዘመ፣ ቀጭን ሞላላ ያደርገዋል። አንዱ ጫፉ ወደ ፀሐይ እየቀረበ ሲመጣ የምድርን ምህዋር ያቋርጣል። ያን ጊዜ የምድርና የቬነስ ብርቱ ወንጭፎች ይረከቡታል። በ1996 ብሬት ግላድማንና ባልደረቦቹ ይህን ጉዞ በሺዎች ለሚቆጠሩ ምናባዊ ድንጋዮች በኮምፒውተር አስልተው በሳይንስ መጽሔት አወጡት። ከመቶ ጥቂቶቹ ምድር ላይ ይወድቃሉ፤ ብዙዎቹ ፀሐይ ውስጥ ይገባሉ፤ ሌሎቹን ጁፒተር ከሥርዓተ ፀሐይ ጠርጎ ያስወጣቸዋል። በእጃችን ያለው ድንጋይ የዕድለኞቹ ወገን ነው።

«ኮምፒውተር የሚለው ሁሉ እውነት ነው ወይ?» መባሉ አይቀርም፤ ስሌት ምስክር የሚሆነው ድንጋዩ ራሱ ሲያጸድቀው ነውና። ደግነቱ ድንጋዩ ሰዓት ይዟል። ጠፈር ውስጥ የራቁቱን የሚበር ድንጋይ የጠፈር ጨረር ያለማቋረጥ ይደበድበዋል፤ ጨረሩ አተሞቹን እየሰበረ እንደ ኒዮን-21፣ ሂሊየም-3 እና ቤሪሊየም-10 ያሉ አተሞችን ይፈጥራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው የዋለበትን ሰዓት እንደሚናገር፣ የእነዚህ አተሞች ብዛት ድንጋዩ ስንት ዘመን ጠፈር ላይ እንደቆየ ይናገራል። ጨረሩ ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ ወደ ዓለት አይዘልቅም፤ የማርስ ድንጋዮች ከመነሣታቸው በፊት በጨረር የተመቱበት ምልክት የሌላቸው መሆኑም ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብለው ተቀብረው እንደነበር ያሳያል። ምድር ላይ ከወደቁ በኋላ ደግሞ አየራችን ይከልላቸዋል፤ አዲስ መፈጠሩ ይቆማል፣ የተፈጠረው እየፈረሰ ይሄዳል፤ ከዚያ የወደቁበት ዘመን ይሰላል። ሁለቱ ሲደመሩ ከማርስ የተነሡበት ጊዜ ይገኛል። ኤኤልኤች 84001 ከማርስ የተነሣው የዛሬ 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አንታርክቲካ የወደቀው ደግሞ የዛሬ 13,000 ዓመት ገደማ፤ በ1984 በሰው እጅ እስኪነሣ በረዶ ውስጥ ቆየ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የናኽላ ወገን ነው። በግብፅ የወረደው ናኽላ፣ በብራዚል የተገኘው ጎቨርናዶር ቫላዳሬስ፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ማንነቱ የታወቀው ላፋዬት፣ ከአንታርክቲካና ከሰሃራ የተለቀሙት፣ የሻሲኚው ድንጋይም ጭምር፣ የጨረር ሰዓታቸው ሲነበብ ሁሉም ከማርስ የተነሡት የዛሬ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ግጭት፣ በአንድ ቀን ተነሥተዋል ማለት ነው። የደረሱት ግን በየጊዜው ነው፤ ሻሲኚ በ1815፣ ናኽላ በ1911፣ በአንታርክቲካ የተገኙት ደግሞ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ወድቀዋል። አንድ ላይ ተወርውረው ቢሆን ኖሮ አንድ ላይ በደረሱ ነበር። የመነሻ ቀናቸው አንድ፣ የመድረሻ ቀናቸው ብዙ መሆኑ፣ በመካከሉ ያለው መንገድ ቀጥታ ሳይሆን መንከራተት እንደነበር በማያሻማ ሁኔታ ይመሰክራል። ሌላው ማረጋገጫ ከላይኛው ወሰን ይመጣል። እስካሁን ከታወቁት መካከል በኦማን የተገኘው ዶፋር 019፣ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘው፣ ከረጅሞቹ መንገደኞች አንዱ ነው፤ መቶ ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ግን የለም። ስሌቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በፊት ፀሐይ ወይም ጁፒተር ይደርስባቸዋል። ከጨረቃ የመጡት ደግሞ በምድር ጓሮ ስለሚዞሩ ብዙዎቹ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላቸው ይደርሳሉ፤ የእነርሱም የጨረር ሰዓት ይህንኑ ያነባል።

በዚህ ላይ በ1980ዎቹ የተነሣ ጠንካራ ተቃውሞ ነበር፤ ሊታለፍ አይገባም። የጨረሩ ሰዓት የሚለካው ድንጋዩ ራቁቱን የቆየበትን ጊዜ እንጂ ከማርስ የተነሣበትን አይደለም የሚል ነው። ቤት የሚያህሉ ቋጥኞች ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአንድ ግዙፍ ግጭት ተነሥተው ቢሆንስ? ቋጥኙ ውስጡን ከጨረር ይከልላል፤ ኋላ ጠፈር ላይ ሲሰባበር ሰዓቱ ያኔ መቁጠር ይጀምራል። ሐሳቡ የተወለደው ከችግር ነው፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ስሌት የፕላኔቶችን የአጋጣሚ ወንጭፍ ብቻ ስለሚቆጥር ከማርስ ምድር ለመድረስ እጅግ ረጅም ዘመን ይጠይቅ ነበር፤ የድንጋዮቹ ሰዓት ደግሞ ጥቂት ሚሊዮኖችን ብቻ ያነብ ነበር። የዥዋዥዌው ኃይል ስሌቱ ውስጥ ሲገባ መንገዱ አጠረ፣ ሰዓቱና ስሌቱ ታረቁ፣ ቋጥኙም አላስፈላጊ ሆነ። በ2002 ሜሎሽና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ደግሞ የተመቻቸ ጠንካራ ላቫ ላይ ያረፈ፣ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ጉድጓድ የሚፈጥር ግጭት እንኳ ድንጋይ ከማርስ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ግጭት በሚሊዮን ዓመታት ልኬት ተደጋጋሚ ነገር ነው።

ጠንካራ ላቫ የሚለው ቃል የመጨረሻውን እንቆቅልሽ ይፈታል። አብዛኛው የማርስ ገጽ እጅግ ያረጀ፣ ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ የደረሱን ድንጋዮች ግን በብዛት ወጣቶች ናቸው። ይህ የማርስ ለመሆናቸው ማስረጃውን ያናጋል ወይ? አያናጋም፤ መምረጫውን ያሳያል እንጂ። ያረጀው ገጽ በቢሊዮን ዓመታት ግጭት ደቅቆ ፍርስራሽና አቧራ ሆኗል፤ የግፊት ሞገድ በፍርስራሽ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጉልበቱ አቧራውን በመጠቅጠቅ ያልቃል። እንደ ደጋችን ጥቁር ድንጋይ ድርቅ ያለና ያልተሰነጠቀ ወጣት ባዛልት ግን ሞገዱን ያስተላልፋል፣ ቁራሹንም ያስፈናጥራል። ስለዚህ ወደ ምድር የሚመጣው የማርስ ናሙና ያዳላል፤ ከእሳተ ገሞራ አገሮቿ፣ ከታርሲስና ከኤሊሲየም፣ ብዙ ይመጣል፤ ከአረጋዊው ደቡብ ጥቂት። ማርስን በእነዚህ ድንጋዮች ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድን አገር በገበያዋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። በ2011 ከሰሃራ የተገኘው ኤንደብሊውኤ 7034፣ 320 ግራም የሚመዝን የተለያዩ ፍርስራሾች ጥምር ድንጋይ፣ ውስጡ ከ4.4 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ዚርኮን የተባሉ ማዕድናት ስላሉት ነው ሊቃውንት እንደ ዕንቁ የሚያዩት፤ ከዚያ ከማይልከው አገር የመጣ ነውና።

አሁን ጥያቄው ወደ አድራሻ ደርሷል፤ ከየትኛው ጉድጓድ? ጉድጓዱ ጊዜውም፣ ዙሪያው ያለው ላቫ ዕድሜም፣ ከድንጋዩ ሰዓት ጋር መግጠም አለበት። በ2014 የቀረበው አንድ ጥናት ብዙዎቹን የሸርጎቲ ወገኖች ስፋቱ 50 ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው ከሞጃቬ ጉድጓድ አንሥቷቸዋል፤ ለዚህ ግን ወጣት የሚመስለውን የድንጋዮቹን ዕድሜ እንደ አሮጌ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እኔ ይህ ዋጋ የበዛበት መልስ ይመስለኛል። በ2021 በአውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ኮምፒውተር አሠልጥነው ወደ 90 ሚሊዮን የሚጠጉ የማርስ ትናንሽ ጉድጓዶችን ካስቆጠሩ በኋላ፣ የዛሬ 1.1 ሚሊዮን ዓመት ለተነሡት ሸርጎቲዎች በታርሲስ ያለውን የቱቲንግን ጉድጓድ አቀረቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለኤንደብሊውኤ 7034 በደቡብ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ካራታን። እነዚህ ለእኔ ይበልጥ የሚያሳምኑ ናቸው፤ ምክንያቱም ላቫውም ጉድጓዱም ድንጋዩ የሚለውን ሳይጎትቱት ይሉታል። ሆኖም ከድንጋይ ወደ ጉድጓድ የሚዘረጋው ክር ቀጭን ነው፤ በሰማይ ያለው መንገድ መነሻውን አጥፍቶታልና፣ ከምድር ወደ ኋላ ተሰልቶ ወደ ጉድጓዱ ሊደረስ አይችልም። አንድ ሚሊዮን ዓመት የተንከራተተ ድንጋይ የመጀመሪያ አቅጣጫውን አያስታውስም። አድራሻው የሚገኘው በዓለቱ ዕድሜና ቅንብር እንጂ በምህዋሩ አይደለም።

በ1999 በኦማን በረሃ ሳይህ አል ኡሃይሚር የተባለ ስፍራ አንድ የማርስ ድንጋይ ተገኘ፤ 008 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የጨረር ሰዓቱ ጠፈር ላይ አንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ እንደቆየ ይናገራል። ከእርሱ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ለመሣሪያ ማመሳከሪያ እንዲሆን በፐርሲቪራንስ ሮቦት ላይ ተገጠመ። ጁላይ 30 ቀን 2020 ከፍሎሪዳ ተነሣ፤ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 በጄዜሮ ጉድጓድ አረፈ። ፍጥነቱ፣ አቅጣጫውና ሰዓቱ ሦስቱም አስቀድመው ተሰልተውለት ነበርና፣ መመለሻው ሰባት ወር እንኳ አልሞላም።